ሁሉን ያካተተ፣ ከጾመኛ በቀር

አስተናጋጁ ጭልፋውን ከቀይ ወጡ አወጣና ጠርዙ ላይ መታ መታ አድርጎ ምስሩ ውስጥ ከተተው።

ዓርብ ነው። ቢሾፍቱ፣ ከሐይቆቹ በአንዱ ዳር፣ «ሁሉን ያካተተ» ተብሎ በሚሸጥ ሪዞርት ውስጥ የዕቁብ ጓደኛሞች ሳህን ይዘን ተሰልፈናል። ከመካከላችን የማይጾም ቢፈለግ ሁለት ሰው ቢገኝ ነው። የዕቁባችን ጸሐፊ «ልጄ፣ ያ እኮ የፍስክ ጭልፋ ነው» ስትለው ቀና አለና «ማዘር፣ አራግፌዋለሁ እኮ» አላት። ለቀልድ መስሎኝ ነበር። ልጁ ግን ከልቡ ነው፤ እንዲያውም ያለ ነገሯ የያዘችው መስሎት ትንሽ ከፋው።

ምስሩ በዚህ ሁኔታ ከሄደ ምን ቀረ? ሰላጣ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ቀይ ሥር፣ ፓስታ በቲማቲም፣ ጫፉ የደረቀ ጥቅል እንጀራ። ሽሮም ነበረች፤ አንዷ ጓደኛችን ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና «ቅቤ አለባት» ብላ መልሳ ከደነችው። «ዓሣ አለ እኮ» አለን ሌላው አስተናጋጅ፣ መፍትሔ ያመጣ መስሎት። በቃ፣ ጠረጴዛው ለሁለት ተከፈለ። «ዓሣ ምን አለው» የሚሉ በአንድ ወገን፣ «ደም ያለው ሁሉ ያው ነው» የሚሉ በሌላው። ይህን ክርክር እኔ እዚህ አልፈታውም፤ አባቶችም ፊት ሲቀርብ በቀላሉ የሚያልቅ አይደለም።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ረቡዕና ዓርብ ሳይታሰብ የሚመጡ እንግዶች አይደሉም። ከትንሣኤ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በቀር ሳምንት በሳምንት ይመጣሉ። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። ለእኛ ለአዲስ አበቤዎች የተሠራ መዝናኛ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው ማለት ይከብዳል።

ክፍያው ግን ጾም አያውቅም። ጥብስና ዶሮ የቆለለውም፣ እኔ በድንችና በቀይ ሥር የተመለስኩትም የከፈልነው እኩል ነው። «ለጾመኛ ቅናሽ የላችሁም?» ብዬ ብጠይቅ «ቡፌ ነው፣ የፈለጉትን ያንሱ» ተባልኩ። የፈለግኩት የለማ! ካዛንቺስ ሳትፈርስ በፊት ከቢሮ ወጥተን የምንበላበት አንድ ቆርቆሮ ቤት ነበር። እዚያ የዓርብ በየዓይነቱ ሲመጣ እንጀራው አይታይም፦ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ አዚፋ፣ ከጥግ ደግሞ ስልጆ። ጎርፍ ሲመጣ እግራችንን አንሥተን እንበላ ነበር እንጂ በጭልፋ ጉዳይ ተጨቃጭቀን አናውቅም።

ከሁሉ የባሰው ገና ነው። ከመካከላችን በዕድሜ የምትበልጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። የምሳ ቡፌው ስምንት ተኩል ላይ ይነሣል። «እባካችሁ ትንሽ አስቀምጡላት» ስንል ከቡፌ ማስቀመጥ ክልክል ነው ተባልን። «ግድ የለም፣ ውሃ እጠጣለሁ» አለች እሷ። እንዲህ ስትል ነው እኔ የተናደድኩት። ሥራ አስኪያጁን አስጠራን፤ ስብሰባ ላይ ነው ተባለ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በወጥ ቤቱ የኋላ በር አንዲት ሴትዮ ነጭ ሽርጥ እንደታጠቁ ብቅ አሉ። «የምትጾመው እናት የታለች?» ጩኸታችንን ሰምተው ኖሯል። በእጃቸው ያለው የሸክላ ድስት ገና ይንተከተካል። ተጋቢኖ ነው፤ ዘይቱ ጥግ ጥጉን ቀልቶ ወጥቷል፣ መሐሉ ላይ አንድ ቃሪያ ሙሉውን ተጋድሟል። እንጀራው ሰርገኛ፣ ለስላሳ፣ ኮምጠጥ የሚለው በልኩ። ሽሮው ውስጥ የበሶብላ ሽታ አለ፤ ገበያ ተገዝቶ የተፈጨ ሳይሆን ቤት ተቀምሞ የተዘጋጀ መሆኑ በመጀመሪያው ጉርሻ ይታወቃል። ለአንድ ሰው የመጣውን ሁላችን ከበብነው፤ ሴትዮዋ ሳቁና ሌላ ድስት ጨመሩ።

ከየት እንደመጣ ስንጠይቅ ነው ጉዱ የወጣው፦ የሠራተኛ ምሳ ነው! ሠራተኛው ዓርብ ይጾማል፣ ስለዚህ ከኋላ በኩል በየሳምንቱ የጾም ወጥ ይሠራል። ከፊት ለፊት የከፈለው እንግዳ ፓስታ በቲማቲም ይበላል። ይህን የፈለሰፈውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ልቤ ለስለስ ብሎ ነበር፤ አልዋሽም። ሆድ ሲሞላ ሐይቁም ያምራል። ማሳጅ የሠራችልኝ ልጅ እጇ ይባረክ፣ ትከሻዬን ከወንበርና ከኮምፒውተር ገላገለችኝ። ጃኩዚው ለብ ያለ ነው፤ ውሃ ከመሬት ፈልቶ ሲመጣ ሶደሬ ላይ ወይ አዲስ አበባ ፍል ውሃ የታጠበ ሰው ይህን «ስፓ» ሲሉት ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ክፍሉ ንጹሕ ነው። የቅዳሜ ቁርሱም ደህና ነበር፣ ጨጨብሳው በተለይ።

ሦስት ኮከብ ልሰጥ ነበር። ሒሳቡ መጣ።

በስልክ የነገሩን ዋጋ «ፕላስ ፕላስ» የሚባለው ኖሯል። 10 በመቶ የአገልግሎት ይደመርበታል፣ በድምሩ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ቫት ይመጣል፤ 10,000 ብር ያሉት 12,650 ይሆናል ማለት ነው። መጀመሪያ ይነገራላ! ይህን ዋጥነው። ከሥር «ልዩ ትዕዛዝ፦ ሽሮ» የሚል መስመር ስናይ ግን ጸሐፊያችን መነጽሯን አደረገች። ዕቁብ የሚሰበስብ ሰው ወረቀት እንዴት እንደሚያነብ የሪሴፕሽኑ ልጅ አያውቅም። ሴትዮዋ ከሠራተኛ ድስት ያካፈሉንን፣ እነሱ ሸጡልን። ስብሰባ ላይ የነበረው ሥራ አስኪያጅ በዚህ ጊዜ ወዲያው ተገኘ፤ ረጅም ጭቅጭቅ ከተደረገ በኋላ ተሰረዘ። ሁለት ኮከብ።

የምትሄዱ ከሆነ በፍስክ ቀን ሂዱ፣ ወይም ከመክፈላችሁ በፊት የጾም ምግቡን ዝርዝር በጽሑፍ ተቀበሉ። ቲፑን ሒሳቡ ላይ አልተውነውም፤ በኋላ በር ዞረን ለሴትዮዋ በእጃቸው ሰጠናቸው። «ምነው ረቡዕ ብትመጡ ኖሮ» አሉን፣ «ረቡዕ ተራው የሱፍ ፍትፍት ነበር።»