ከመሸጧ በፊት ለጠየቀችኝ ፋርማሲስት

ይህን የምጽፈው አንዲት ፋርማሲስትን ለማመስገን ነው። ስሟ እንዳይጠቀስ ስለለመነችኝ አልጽፈውም፤ ሥራዋን ሳልናገር ማለፍ ግን አልሆነልኝም።

እናቴ ጉልበቷን መታመም ከጀመረች ቆይታለች። ዲክሎፌናክ የሚባለውን የህመም ማስታገሻ ስገዛላት ከርሜአለሁ፤ በየመድኃኒት ቤቱ ከፍሎ ተቀብሎ መውጣት ብቻ ነበር። ይህች ባለሙያ ግን ኪኒኑን ከመደርደሪያው ሳታወርድ "ለማን ነው?" አለችኝ። ለእናቴ አልኳት። "ዕድሜያቸውስ?" 71። "ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" የደም ግፊት መድኃኒት እንዳላት፣ ስሙን ግን እንደማላስታውስ ነገርኳት። አልሸጠችልኝም። "ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ሰብስበው ይምጡ" አለችኝ። እናቴ በህመም እንቅልፍ አጥታ ያደረችበት ቀን ስለነበር ተናድጄ ወጣሁ። ዛሬ ያ ንዴቴ ይቆጨኛል።

ተመልሼ ከረጢቱን ባንኮኒው ላይ ዘረገፍኩት። ለግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለጉልበት ዲክሎፌናክ፣ ከሥር ደግሞ እኔ የማላውቀው አይቡፕሮፌን ወጣ። ለካ እናቴ ራሷን ባመማት ቁጥር እሱንም ትጨምር ነበር።

"ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የአንድ እናት ልጆች ናቸው" አለችኝ። ሁለቱም ፀረ ብግነት ማስታገሻዎች ናቸው፤ የሚሠሩትም ሰውነት ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር እንዳያመርት በመከልከል ነው። ይህ ንጥረ ነገር ህመምንና እብጠትን ያባብሳል፤ ነገር ግን ጨጓራን ከራሱ አሲድ የሚጠብቀው፣ ወደ ኩላሊት የሚገባውም ደም እንዳይቀንስ የሚያግዘው እሱው ነው። ሁለቱን ደርቦ መውሰድ ጉዳቱን ያበዛል እንጂ ህመሙን በእጥፍ አያስታግስም።

ከግፊት መድኃኒቶቹ ጋር ሲሆን ነገሩ ይከፋል። ማስታገሻው ወደ ኩላሊት ማጣሪያ ደም የሚገባበትን ሥር ያጠባል፣ ኢናላፕሪል የሚወጣበትን ያሰፋል፣ የሚያሸናው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ የሰውነትን ፈሳሽ ይቀንሳል። ሦስቱ ሲገናኙ ማጣሪያው የሚሠራበትን ግፊት ያጣል። ይህን ወረቀት ላይ እየሣለች ነበር ያስረዳችኝ፤ ከኋላዬ ሰው ተሰልፎም አልቸኮለችብኝም።

"በመርፌ ቢሆንስ፣ ጨጓራን አያልፈውም?" ብዬ ጠየቅኩ። ብዙዎቻችን እንዲህ እናምናለን። አያልፈውም፤ መድኃኒቱ በደም በኩል ዞሮ ያው ጨጓራ ጋ ይደርሳል። ከምግብ በኋላ መዋጡም ማቃጠሉን ያቀልል ይሆናል እንጂ ከቁስለት ዋስትና አይሆንም።

ግፊቷን የሚከታተለው ሐኪም ዘንድ ማስታወሻ ጽፋ ላከችን። በደም ምርመራው የእናቴ ክሬቲኒን፣ ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ፣ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ ሁለቱንም ማስታገሻዎች አስቆማት፤ ከሳምንታት በኋላ ሲለካ ቁጥሩ ወርዶ ነበር። አሁን በልክ የታዘዘላትን ፓራሲታሞል ትወስዳለች፣ ጉልበቷን ደግሞ ሐኪሙ የፈቀደላትን የዲክሎፌናክ ቅባት ትቀባለች። ቅባቱ ወደ ደም የሚገባው ከኪኒኑ በጣም ባነሰ መጠን ነው።

መድኃኒቶቹን አልኮነነችም፤ በቦታቸው ትልቅ እፎይታ የሚሰጡ ናቸው ትላለች። እኔም ለወገቤ አልፎ አልፎ አይቡፕሮፌን እንደምወስድ ስነግራት የሚያስታግሰውን ትንሹን መጠን፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ደግሞ በቀን ከ1200 ሚሊግራም እንዳላልፍ መከረችኝ። ነፍሰ ጡር የሆነችው እህቴም ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ ሐኪሟ ካላዘዘላት በቀር ከእነዚህ መድኃኒቶች እንድትርቅ አሳሰበችን።

በመጨረሻ በእጇ ጽፋ የሰጠችን ወረቀት ዛሬም የእናቴ መድኃኒት ሣጥን ክዳን ላይ ተለጥፏል። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ትውከት የቡና አተላ ከመሰለ ወይም ደም ካለው፣ ደረት ከወጋ፣ ትንፋሽ ካጠረ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል። እግር ካበጠ ወይም ሽንት ካነሰ ደግሞ መድኃኒቱን አቁሞ ሐኪም ማነጋገር።

የምትሠራበትን ቦታ ማወቅ የሚፈልግ በግል ይጻፍልኝ፤ በደስታ እጠቁማለሁ። ስትሄዱ ግን ቤት ያላችሁን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ መልሳ መላኳ አይቀርምና። ፋርማሲስቷ እህቴ ሆይ፣ ከልብ አመሰግንሻለሁ። እናቴም "ያቺ ልጅ ደህና ናት?" እያለች ትጠይቅሻለች። የሚቀጥለው ወር የምርመራ ውጤት ሲወጣ ይዘንልሽ እንመጣለን።