ሞተሩ የነከሰ ኳድ ልትገዛ ነው? ብላስተር ወይስ ባንሺ

አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ ባለ አራት ጎማ ሞተር (ኳድ) ለመግዛት ማርኬትፕሌስ ላይ የገባ ሰው "ሞተሩ ነክሷል፣ ትንሽ ሥራ ነው የሚፈልገው" የሚል ማስታወቂያ አያጣም። ነክሷል ማለት ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ አልንቀሳቀስም ብሏል ማለት ነው። ትንሽ ከሆነ ለምን ራሱ አልሠራውም? ይህን ጥያቄ ኪስህ ውስጥ ያዝና ቀጥል። ምክንያቱም አንዳንዱ እውነትም ትንሽ ሥራ ነው። ቱ-ስትሮክ ሞተር (ዘይት ከቤንዚን ጋር አብሮ የሚያቃጥለው ዓይነት) ላይ እንደ መኪና ሞተር ቫልቭና ካምሻፍት የለም፤ ቴስታታውን አንስተህ ሲሊንደሩን ካወጣህ ፒስተኑ እጅህ ላይ ነው።

በየግቢው ቆመው የምታገኛቸው ብዙዎቹ የያማሃ ናቸው። ብላስተር 200 እና ባንሺ 350፣ ሁለቱም ቱ-ስትሮክ። ባንሺ ከ1987፣ ብላስተር ከ1988 ጀምሮ እስከ 2006 ድረስ እዚህ ተሸጠዋል። የሆንዳው 250 አር ግሩም ነው፣ ግን የተሠራው ከ1986 እስከ 1989 ብቻ ስለሆነ ዕቃውም ዋጋውም ለጀማሪ አይሆንም። እሱን እንለፈው።

ብላስተር አንድ ሲሊንደር ነው፣ 195 ሲሲ፣ በነፋስ የሚቀዘቅዝ። ራዲያተር የለ፣ የውሃ ፓምፕ የለ። አንድ ፒስተን፣ አንድ ካርቡሬተር፣ አንድ ካንዴላ፣ አለቀ። ባንሺ ደግሞ 347 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ። ካሊፎርኒያ ግላሚስ አሸዋ ላይ ሰው የሚያብድለት እሱ ነው፤ ጉልበቱ አይወራም። ግን ወጪውም እጥፍ ነው። አንዱ ፒስተን ብቻ ነክሶ ሌላው ደህና ቢሆን እንኳ ቶርኖ ቤት ስትወስደው ሁለቱንም ሲሊንደር ውስጡን አስፍቀህ እኩል ነው የምታሰፋው። ዋጋውም ሌላ ጉድ ነው፣ ብዙ ጊዜ የነከሰ ባንሺ ከሚሮጥ ብላስተር ይወደዳል።

የሁለቱም ሲሊንደር ውስጡ ብረት ስለሆነ ሊሰፋ ይችላል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ብላስተር ከፋብሪካ ሲወጣ የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት 66 ሚሊ ሜትር ነው፣ ባንሺ 64። ከዚያ በሩብ ሚሊ ሜትር እየጨመረ ትልልቅ ፒስተን ይገኛል። ስለዚህ ሻጩን "ከዚህ በፊት ስንቴ ሰፍቷል?" በለው። አላውቅም ካለ ቴስታታው ሲነሳ ፒስተኑ አናት ላይ ብዙ ጊዜ ልኩ ተጽፏል። መጨረሻው ልክ ላይ የደረሰ ከሆነ አዲስ እጅጌ (የሲሊንደሩ የውስጥ ብረት ሽፋን) ማስገባት ወይም ሌላ ሲሊንደር መግዛት ነው፣ ዋጋውንም በዚያ ልክ ቁረጥ። ሲሊንደሩ ውስጥ የምታየው አስፈሪ ጭረት ግን ወዲያው አያስደንግጥህ፤ አንዳንዴ ከፒስተኑ ቀልጦ የተለጠፈ አሉሚኒየም ነው፣ ሥሩ ያለው ብረት ደህና ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሲሮጥ ነክሶ ነው የቆመው ወይስ ቆሞ ነው የነከሰው? ብዙ ሰው ቆሞ ዝጎ የነከሰውን ይመርጣል፣ "አልተቃጠለም" ብሎ። እኔ ተቃራኒውን ነው የምለው። ሲሮጥ የነከሰ ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ከላይ ነው፣ ፒስተንና ሲሊንደር። ውሃ ገብቶበት ለዓመታት የቆመ ግን የክራንክሻፍቱ (ፒስተኑ የሚያዞረው የታችኛው ዘንግ) ኩሽኔታም አብሮ ይዝጋል፣ ያ ማለት ሞተሩን ለሁለት መክፈል ማለት ነው። እዚህ ላይ ብላስተር አንድ ቢየላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ)፣ ባንሺ ሁለት ቢየላና አራት ዋና ኩሽኔታ አለው። ሒሳቡን አንተው ሥራ።

ለምን እንደነከሰ ፒስተኑ ራሱ ይናገራል። በማርሚታው በኩል ብቻ ከተጫረ ብዙ ጊዜ ነዳጁ ቀጥኗል (ከአየሩ አንጻር አንሷል) ወይም አየር የሚስብበት ቦታ አለ። ዙሪያውን ከተላጠ ብዙ ጊዜ ዘይት አጥቷል። አራት ቦታ ላይ ብቻ ቀጥ ቀጥ ያለ ጭረት ካለ ሳይሞቅ ነው የተጋለበው። ብላስተር ላይ በተለይ የዘይት ፓምፑን እይ። ከፋብሪካ ዘይቱን ራሱ ነው የሚቀላቅለው፤ ብዙዎች ግን ፓምፑን ነቅለው በእጅ መቀላቀል ይጀምራሉ፣ ከዚያ የሚቀጥለው ባለቤት ሳያውቅ ንጹህ ቤንዚን ይሞላበታል። ባንሺ የዘይት ፓምፕ ከመጀመሪያውም የለውም፣ ሁሌም ቅልቅል ነው። የእሱ ደካማ ጎን የውሃ ፓምፑ ፕላስቲክ ክፍልና ሁለቱን የካርቡሬተር ጎማዎች የሚያገናኘው ቱቦ ነው፤ ያ ቱቦ ሲሰነጠቅ አየር ይገባል፣ ፒስተን ይሄዳል።

ከመክፈልህ በፊት ማርሚታውን አስፈትተህ በቀዳዳው ፒስተኑን በባትሪ እይ። ጎኑ መጫሩ ያለ ነው። አናቱ ከተበሳ ወይም ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ከተሰበረ ግን ስብርባሪው ታች ወርዷል ማለት ነውና ሙሉ ሞተር እንደምትፈታ ቆጥረህ ተደራደር። የሻሲ ቁጥሩንም ከወረቀቱ ጋር አስተያይ፣ ባንሺ ሌባ የሚወደው ዕቃ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትፈታ ከሆነ ብላስተር ግዛ። እጅህ የተፈታ ከሆነና ገንዘቡ ካለ ባንሺ፤ እስካሁን ዕቃው በሽ ነው፣ ሲሊንደሩም ካርተሩም (ክራንክሻፍቱ የሚቀመጥበት የሞተሩ የታች ቤት) በሌሎች ኩባንያዎች ይሠራል።

የነከሰውን ለማላቀቅ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን ግማሽ በግማሽ ቀላቅለህ በካንዴላው ቀዳዳ አፍስስና አንድ ሁለት ቀን ተወው። አሴቶን እሳት ይስባል፣ ሲጋራህን አርቅ። በመርገጫው እየዘለልክ አታስገድደው፣ ማርሹን ትሰብራለህ። ገጥመህ ስትጨርስም ሳታስነሳው የካርቡሬተሩንና የማርሚታውን ቀዳዳ ድፈንና 6 ፒኤስአይ አየር ሙላበት፤ 6 ደቂቃ ከያዘ ደህና ነው። ካልያዘ የሳሙና ውሃ እየረጨህ አረፋ የሚወጣበትን ፈልግ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የክራንክሻፍቱ ፓራኦሊዮ (አየርና ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ጎማ) ነው፣ እሱን ሳትቀይር ካስነሳኸው አዲሱንም ፒስተን ይበላዋል።