ዳታ በብዛት ለማስገባትና ለማውጣት፦ ፖስትግሬስ፣ ማይኤስኪውኤል ወይስ ኤስኪውኤል ሰርቨር?

ዳታቤዝ ሲመረጥ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለ ፍጥነት ነው። መቶ ሺህ ረድፍ ለመጫን ግን ሦስቱም አይቸገሩም። ሁሉም ረድፎቹን አንድ በአንድ ከማስገባት ይልቅ ፋይሉን ባንዴ የሚውጥ ትእዛዝ አላቸው። ልዩነቱ የሚታየው ፋይሉ ውስጥ ችግር ሲኖር ነው። የእኛ ፋይል ደግሞ ችግር አያጣም።

የፋርማሲ መዝገብ ከኤክሴል ልታዛውሩ ነው እንበል። በ09 የሚጀምረውን ስልክ ኤክሴል እንደ ተራ ቁጥር አይቶ ዜሮውን በልቶታል። ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 (አማርኛን የሚይዘው የፊደል ኮድ) ሳይመረጥ በተራው ሲኤስቪ (አምዶቹ በኮማ የሚለዩበት የጽሑፍ ፋይል) ስለተቀመጠ የአማርኛው ስም የጥያቄ ምልክት ሆኗል። ከእነዚህ ሁለቱ የትኛውም ዳታቤዝ አያድናችሁም፤ እዚያው ኤክሴሉ ላይ ይስተካከሉ። ዳታቤዞቹን የሚለያቸው ሦስተኛው ችግር ነው፦ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን። ጳጉሜ 3 ቀን 2016 በቁጥር 2016-13-03 ይሆናል። ዳታቤዙ ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም።

ፖስትግሬስ እዚህ ረድፍ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ኮፒ የሚባለው ትእዛዙ ስህተቱ ስንተኛው መስመርና የትኛው አምድ ላይ እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ከዚያ ሥራውን በሙሉ ይሰርዛል። ግማሽ የገባ ዳታ የለም። ሲቸኩሉ ያናድዳል፤ ለገንዘብና ለመድኃኒት መዝገብ ግን እኔ ይህን ግትርነት እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 17ኛው ቅጂ የተበላሸውን ረድፍ ዝለል ብሎ ማዘዝ ያስችላል። የሚዘለው ግን ከአምዱ ዓይነት ጋር ያልገጠመውን ነው፤ የተደገመ መለያ ቁጥር ከመጣ አሁንም ይቆማል።

ማይኤስኪውኤል እንደ አጫጫኑ ነው። ሎድ ዳታ የሚባለው የመጫኛ ትእዛዙ ፋይሉን እዚያው ሰርቨሩ (ዳታቤዙ የሚሠራበት ኮምፒውተር) ላይ ሲያነብ፣ ዲፎልት (ካልቀየራችሁት የሚሠራው) በሆነው ጥብቅ ሞድ፣ ስህተት ሲያገኝ ይቆማል። ሎካል የሚለው ቃል ሲጨመር፣ ማለትም ፋይሉ ከእናንተ ኮምፒውተር ሲላክ፣ ያው ስህተት ወደ ማስጠንቀቂያ ይወርዳል። የጳጉሜዋ ቀን ዜሮ በዜሮ ሆና ትገባለች። የተደገመው ረድፍ ይታለፋል። እናንተ "ገብቷል" ብላችሁ ቡና ልትጠጡ ትሄዳላችሁ። ስለዚህ ማስጠንቀቂያዎቹን የሚያሳየውን ሾው ዋርኒንግስ ሳትሉ እንዳትነሱ። ከ8.0 ጀምሮ ሎካል ዲፎልቱ ዝግ ስለሆነ ሰርቨሩም ደንበኛው ፕሮግራምም ላይ መከፈት አለበት። ከዚያ በፊት በነበሩት ቅጂዎች የፊደል ስብስቡ ዲፎልት የአማርኛ ፊደል የሌለው ላቲን1 ነበር፤ አሮጌ ሠንጠረዥ ካላችሁ አማርኛ ከማስገባታችሁ በፊት ወደ ዩቲኤፍ8-ኤምቢ4 ቀይሩት።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ሁለት መንገድ አለው። ባልክ ኢንሰርት ፋይሉን ሰርቨሩ ከሚያየው ቦታ ያነባል፤ ቢሲፒ ከእናንተ ማሽን ይልካል። ሁለቱም በዲፎልት እስከ 10 ስህተት ድረስ ታግሰው የቀረውን ያስገባሉ። የወደቁትን ረድፎች ለብቻ ፋይል ላይ እንዲጽፉ ማዘዝ ይቻላል፤ ይህ ጥሩ ነገር ነው። የማይወደደው ሌላ ነው፦ ካልታዘዙ በቀር የውጭ ቁልፍ (ረድፉን ከሌላ ሠንጠረዥ ጋር የሚያያይዘውን) አይፈትሹም። መድኃኒቱ በሌለ አቅራቢ ስም ሊመዘገብ ይችላል። ቢሲፒ በጥቅስ ውስጥ ያለ ኮማ አይገባውም፤ አድራሻው ውስጥ ኮማ ካለ አምዶቹ ይዘበራረቃሉ። ባልክ ኢንሰርት ይህን የተማረው በ2017 ቅጂ ነው። ለአማርኛ አምዱን ኤንቫርቻር (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዝ የጽሑፍ ዓይነት) አድርጉት፤ የተለመደው ቫርቻር ፊደላችንን ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀይራል።

ለማውጣት ፖስትግሬስ ይቀላል። የአምዶቹን ስም ከላይ አድርጎ፣ የፈለጋችሁትን ጥያቄ ውጤት፣ ቀጥታ ወደ ሲኤስቪ ይጽፋል። የማይኤስኪውኤሉ አውትፋይል የሚባለው ትእዛዝ ሰርቨሩ ላይ ነው የሚጽፈው፤ ርዕስ አይጨምርም፣ ያለ ፋይልም አይተካም። ቢሲፒም ርዕስ የለውም።

አዲስ ለሚጀምር ፖስትግሬስ እላለሁ፤ ነፃ ነው። ርካሽ ሆስቲንግ ላይ ያላችሁ ብዙውን ጊዜ የሚሰጣችሁ ማይኤስኪውኤል ነው፤ እሱም ይሠራል። መጀመሪያ አምዶቹ በሙሉ ጽሑፍ የሆኑ ጊዜያዊ ሠንጠረዥ ውስጥ ጫኑ፣ ቀኖቹን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሩ፣ ከዚያ ወደ ዋናው አዛውሩ። ኤስኪውኤል ሰርቨርን የሚመርጥ አብዛኛውን ጊዜ የሂሳብ ሶፍትዌሩ ስለሚጠይቀው ነው። ኤክስፕረስ የሚባለው ነፃ እትሙ እስከ 2022 ቅጂ ድረስ ለአንድ ዳታቤዝ 10 ጊጋባይት ብቻ ስለሚፈቅድ የድሮውን መዝገብ በሙሉ ከመጫናችሁ በፊት መጠኑን እዩ።