ያገለገለ ካያክ ልትገዙ ያሰባችሁ የባሕር ዳር ሰዎች፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

እጄ በንዴት እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ዛሬ ጠዋት ከሻጩ ግቢ ተሰድቤ ወጥቻለሁ። 85,000 ብር የከፈልኩባት የአሳ ማጥመጃ ካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ የምትነዳ ትንሽ የፕላስቲክ ጀልባ፣ ሆዷ ውሃ ያስገባል። ሻጩ ይህን ያውቅ ነበር። ያውቅ እንደነበር ደግሞ ከገዛ ሠራተኛው አፍ ነው የሰማሁት።

ስሙን አልጠራም። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። አሮጌ ጀልባ፣ የጀልባ ሞተር፣ ጀነሬተር፣ የተረፈ ቆርቆሮ አንድ ግቢ ውስጥ ከምሮ የሚሸጥ ነው። ዕቃው ሁሉ «ፈረንጆቹ ፕሮጀክት ጨርሰው ሲሄዱ የተዉት» ነው። ሁልጊዜ ሌላ ገዢ ከጎንደር መንገድ ላይ ነው። ደላላው ሁልጊዜ «ወንድሜ ስለሆንክ ነው እንጂ በዚህ ዋጋ አትወጣም ነበር» ይላል። ዛሬ ቀብድ ካልጣልክ ነገ የለችም።

ያን ቀን ካያኳ ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ባለ ሁለት ጎማ ጋሪዋ ላይ ተቀምጣ ነበር የጠበቀችኝ። ገልብጬ ሆዷን ልይ ስል «ኧረ ትጫርብናለች!» ብለው ለሁለት ያዙኝ። ከዚያ ከላይ ያለውን አንድ በአንድ አሳዩኝ። መቀመጫው ከፍና ዝቅ ይላል። የማጥመጃ ዘንግ መሰኪያዎቹ ጠንካራ ናቸው። የፊት ክዳኗ ጥብቅ ብሎ ይዘጋል። «ፕላስቲክ ናት፤ አትዝግ፣ አትበሰብስ፤ ለልጅህ ታወርሳታለህ» አሉኝ። አለመዝጓ እውነት ነው። ፕላስቲክ ግን ይሰነጠቃል።

ካያክ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ይህቺኛዋ ውስጧ ገብተው ሳይሆን ላይዋ ላይ ተቀምጠው የሚቀዝፏት ናት። ከቀዛፊው ስር ያለው ሆዷ ባዶ ነው። የሚያንሳፍፋትም እዚያ የታሸገው አየር ነው። መቀመጫው አካባቢ ከላይ እስከ ታች የዘለቁ ቀዳዳዎች አሏት፤ ላይዋ ላይ የተረጨው ውሃ በእነሱ ተመልሶ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። የጋሪው ሁለት ብረቶች የሚሰኩትም እነዚሁ ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። ዕቃ እንደተጫነባት በድንጋይ መንገድ ላይ በዚያ ጋሪ ስትጎተት የኖረች ካያክ፣ ቀዳዳው ከሆዷ ጋር በሚገናኝበት ቦታ መሰንጠቋ የተለመደ ነው። ለካ ያ ጋሪ የተሰነጠቀችበትም የተደበቀችበትም ነገር ኖሯል።

የደንገል ታንኳም ውሃ ይጠጣል። ግን የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ስለሆነ ይከብዳል እንጂ ባለቤቱን ድንገት አይከዳውም። ከውሃ ሲወጣ ፀሐይ ላይ ይቆምና ይደርቃል። ካያክ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 40 ሊትር ከገባባት 40 ኪሎ ጭነሃል፤ ያውም አንድ ቦታ የማይቀመጥ ጭነት። ወደ ቀኝ ዘንበል ስትል ውሃው ቀድሞህ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሰው «እስክትሰጥም ጊዜ አለኝ» ብሎ ያስባል። የሚቀድመው ግን መገልበጡ ነው።

እኔም የደረሰብኝ ይኸው ነው። በደብረ ማርያም በኩል፣ ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት ብዙም ሳልርቅ ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ፍለጋ ወጥቼ ነበር። ከሰዓት ንፋሱ ተነሳ። ጣና ጥልቀቱ ከ15 ሜትር የማይዘል ሐይቅ ነው። ለዚህም ነው ትንሽ ንፋስ ሲነካው አጭርና ቶሎ ቶሎ የሚመታ ማዕበል የሚያነሳው። ካያኳ ከኋላ ዝቅ ማለት ጀመረች። በቀዘፍኩ ቁጥር ከስሬ የሆነ ነገር ወዲያና ወዲህ ይንከባለላል። መጀመሪያ የተፈታ ዕቃ መሰለኝ። መረባቸውን ሊያነሱ በታንኳ የመጡ አንድ አባት ናቸው ከሩቅ አይተው የጮሁልኝ፤ «ልጄ፣ ይቺ ነገርህ ውሃ ጠጥታለች! ቶሎ ወደ ዳር በል!» እስከ ዳር ድረስ ከጎኔ አልተለዩም። ጉማሬ ባለበት ውሃ ላይ ብቻዬን ብሆን ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር? እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ዳር ወጥቼ የኋላውን የውሃ ማፍሰሻ ቡሽ ስነቅለው የወረደው ውሃ በ20 ሊትር ጀሪካን ቢቀዳ ከሁለት በላይ ይሞላል።

ዛሬ ማለዳ ካያኳን በጓደኛዬ ፒካፕ ጭኜ ሄድኩ። ሻጩ ከሁለት ሰዎች ጋር ቡና እየጠጣ ነበር። ተቀመጥ እንኳ አላለኝም። ያን ጊዜ ገና በአክብሮት ነበር የማናግረው። «ጋሼ፣ የሸጡልኝ ካያክ ውሃ ታስገባለች» አልኩት።

«ላብ ነው» አለኝ ቀና ሳይል። «ፀሐይ ላይ ትግላለች፣ ውሃ ላይ ትቀዘቅዛለች፤ ያልባታል። ካያክ የማያውቅ ሰው ሁሌ ይደነግጣል።»

በጣም የሚያናድደኝ ውሸቱ እውነት የተቀላቀለበት መሆኑ ነው። ካያክ ውስጧ ጤዛ ይይዛል። ግን በጨርቅ ተጠርጎ የሚያልቅ ነው። ፀሐይ ላይ የጋለች ካያክ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ስትገባ ሆዷ ውስጥ ያለው አየር ይኮማተራል፤ ይህም እውነት ነው። ሲኮማተር ደግሞ ቀዳዳ ካገኘ ውሃ ይስባል። ቀዳዳ ካገኘ! እሱ ይህን ሁሉ ያውቃል። እውቀቱን ግን እኔን አላዋቂ ለማድረግ ተጠቀመበት።

«ሁለት ጀሪካን ላብ?» አልኩት። አብረውት ያሉት ሳቁ።

«አንተ፣ ገልብጣትና አሳየው» አለ ለሠራተኛው። ልጁ መጣ። ካያኳን ገለበጣት። ልብ በሉ፣ ልጁ ውሃ የሚገባበትን ቦታ ፍለጋ አልገባም። ከፊት ጀምሮ አላየም፣ የቡሹን ላስቲክ አልነካም፣ የዘንግ መሰኪያዎቹን ብሎን አልፈተሸም። ቀጥ ብሎ አውራ ጣቱን ከመቀመጫው ስር በግራ በኩል ያለችው ቀዳዳ ላይ አሳረፈ። ገፋ አደረጋትና፦

«ውይ፣ እንደገና ለቀቀች እንዴ?»

ግቢው ጸጥ አለ። ሻጩ ሲኒውን አስቀመጠና «ሂድ ውሃ ቅዳ» አለው። ልጁ ፊቱ ቀልቶ ሄደ። እኔ ጎንበስ ብዬ አየሁ። በቀዳዳዋ ዙሪያ ጥቁር ሲሊከን ተለቅልቋል፤ ቀለሙ ከካያኳ ጋር አንድ ስለሆነ ጎንበስ ካላሉ አይታይም። ጫፉን በጥፍሬ ስስበው እንደ ድንች ልጣጭ ተላጠ። ከስሩ የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ። ስንጥቁ ውስጥ የገባው ጭቃ ደርቋል። እኔ እጅ ላይ ከገባች ወዲህ የተሰነጠቀች ብትሆን ጭቃው ከሲሊከኑ ስር እንዴት ገባ?

«እንደገና ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩት።

«ልጅ ነው፤ የሚለውን አያውቅም። አንተ ድንጋይ ላይ ጎትተህ ሰንጥቀሃት ነው።» ከዚያ ወረቀቱን አወጣ። «ዕቃውን አይቼ፣ ፈትሼ ተረክቤያለሁ» ይላል፤ ከስሩ የእኔ ፊርማ። ላገላብጣት ስል እጄን የያዘው ሰው ነው ይህን ያስፈረመኝ! ብሬን መልስልኝ ስለው የመለሰልኝን ቃል አልረሳውም፦

«መዋኘት የማይችል ሰው ሐይቅ ላይ ምን አወጣው?»

ሦስቱም ሳቁ።

ገንዘቡ ያቃጥለኛል፤ ብዙ የለፋሁበት ነው። የበለጠ የሚያቃጥለኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ሰው የተሰነጠቀች ካያክ በሲሊከን ለቅልቆ ሰው ወደ ጣና ላከ። የገዛኋት ዕለት «ታናሽ ወንድሜንም ይዤው እወጣለሁ» ብዬው ነበር። «ጥሩ ነው፣ ይልመድ» ብሎኛል።

ሲሊከን እዚህ ፕላስቲክ ላይ እንደማይይዝ እሱ ሳያውቅ አይቀርም። ከዚያ ወጥቼ ባምፐርና የውሃ ታንከር የሚበይድ ልጅ ጋ ወሰድኳት። ገና እንደነካት «ይሄ የጀሪካን ዘር ነው፤ ሙጫ አይወድም» አለኝ። ፖሊኢትሊን ስለሆነ ሙጫም ሲሊከንም ላዩ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይዋሃደውም፤ ጥቂት ጊዜ ያታልላል፣ ሲተጣጠፍ ይለቃል። መፍትሔው ሲሊከኑን ልቅም አድርጎ መፋቅ፣ ማጽዳት፣ ከዚያ ያንኑ ዓይነት ፕላስቲክ በሙቀት አቅልጦ መበየድ ነው። ልጁ ይሠራታል። እኔም ነገ ልጁ የላጠውን ሲሊከንና ፎቶዎቹን ይዤ ወደ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት እንደሌለበት ዋስትና ይሰጣል ይላልና በዚያ በኩል እሞክራለሁ።

እናንተ ልትገዙ ከሄዳችሁ ካያኳን ከጋሪው አስወርዱና ገልብጧት። የሳሙና ውሃ ይዛችሁ ሂዱ። ክዳኗን ሁሉ ዝጉ፣ ቡሹን ንቀሉና በዚያ ቀዳዳ በአቧራ ማራገፊያ ብሎወር ለስለስ ያለ አየር ስጧት። በኮምፕረሰር ግን እንዳትሞክሩት፣ ያፈነዳታል። ቀዳዳዎቹን፣ የብሎኖቹን ዙሪያና የክዳኑን ጠርዝ የሳሙና ውሃ ቀቧቸው፤ አረፋ የሚነፋበት ቦታ ውሃ ይገባበታል። ብሎወር ከሌለ አንድ ባልዲ ውሃ ሆዷ ውስጥ ጨምራችሁ ከፍ አድርጓትና የት እንደሚንጠባጠብ እዩ። ሻጩ ይህን ከከለከለ ጥላችሁ ሂዱ። የገዛችሁም ብትሆኑ ስፖንጅና የእጅ ፓምፕ ሳትይዙ አትውጡ፤ በጉዞው መሃል ዳር ጠጋ ብላችሁ ሆዷን አንዴ እዩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከግቢው ስወጣ አጥሩ ጥግ ሁለተኛ ካያክ አይቻለሁ፤ አረንጓዴ ናት፣ እሷም ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ላይ ናት። ደላላው ዛሬ ከሰዓት ፎቶዋን «አዲስ የገባ» ብሎ ሲለጥፍ አየሁ። የተነሳችው ከላይ ብቻ ነው።