ስምንት ቅዳሜዎች፦ ስለ ተከታተልነው የቅድመ ጋብቻ ትምህርት

ከእጮኛዬ ጋር ሆነን በአዲስ አበባ በአንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውን የቅድመ ጋብቻ ትምህርት ባለፈው ወር አጠናቅቀናል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ይህን ትምህርት ያልጨረሱና የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤት ያላቀረቡ ተጋቢዎችን ስለማታጋባ፣ ወደ ክፍሉ የገባነው በፈቃዳችን ብቻ ነበር ለማለት አልደፍርም። ስለ ገንዘብ አያያዝና ስለ አማቾች የተሰጡት ክፍሎች ጥሩ ቢሆኑም የትም ሊሰሙ የሚችሉ ናቸው። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሩካቤ ሥጋ የሚለውን ለማስተማር የተመደበው የሦስት ሳምንት ክፍል ነው።

እኔ የጠበቅሁት የክልከላ ዝርዝር ነበር። የመጀመሪያው መምህር ግን ከዘፍጥረት 2፥24 ተነሥተው፣ «አንድ ሥጋ ይሆናሉ» የሚለው ቃል የተነገረው ከውድቀት በፊት መሆኑን፣ ስለዚህም የባልና የሚስት ግንኙነት የኃጢአት ፍሬ ሳይሆን የፍጥረት ስጦታ እንደ ሆነ አስረዱን። ከዚያም ምሳሌ 5ንና መኃልየ መኃልይን አስነበቡን። ያደግሁት ኦርቶዶክሳዊት በሆነችው አያቴ ቤት ስለሆነ፣ መኃልየ መኃልይን የማውቀው ከዳዊቷ ውስጥ፣ ከመዝሙራቱና ከነቢያት ጸሎት ቀጥሎ ከውዳሴ ማርያም በፊት ተጽፎ ነው፤ ሲተረጎም የሰማሁትም ስለ ክርስቶስና ስለ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር። መምህሩ ያንን ትርጓሜ ሳያቃልሉ፣ የሙሽራውና የሙሽራዪቱ ፍቅር በራሱ የከበረ ባይሆን ኖሮ ለእንዲህ ያለ ምሥጢር ምሳሌ ሊሆን እንደማይችል ተናገሩ። ለእኔ የስምንቱ ሳምንታት ፍሬ ይህ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት የብር አምባርን ልማድ አነሡ። የሙሽራዪቱ ድንግልና በሚዜ እየተጠበቀና በዘፈን እየታወጀ የሙሽራው ያለፈ ሕይወት የማይጠየቅበት አሠራር የእኛ ባህል እንጂ የመጽሐፍ ትእዛዝ እንዳልሆነ፣ በ1ኛ ተሰሎንቄ 4 ከዝሙት እንዲርቁ የታዘዙትም ወንዶችና ሴቶች በአንድነት እንደ ሆኑ አስረዱ። (ከኋላ ወንበር የነበረው ሹክሹክታ በዚህ ጊዜ መቆሙን ሳስተውል ደስ እንዳለኝ አልደብቅም።) በክብር መዝገብ ሹም ፊት ፈርመው የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት የሚጠባበቁ ጥንዶችም ባልና ሚስት ናቸው ወይስ እጮኛሞች የሚል ጥያቄ ቀረበ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በሹሙ ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸሙትን ጋብቻዎች እኩል ስለሚያውቅ፣ በሕግ ፊት መልሱ ግልጽ ነው። መምህሩ ይህን ሳይሸሽጉ፣ በማኅበረ ምእመናኑ ፊት ቃል እስኪገባቡ እንዲታገሡ የሚጠይቁት ቤተ ክርስቲያኒቱ ስለ ወሰነችው እንጂ የሠርግን ሥነ ሥርዓት በዝርዝር የሚደነግግ ጥቅስ ስላለ አለመሆኑን በሐቅ ተናገሩ። እንዲህ ያለ ሐቀኝነት ከመድረክ ብዙ ጊዜ አይሰማም።

ሦስተኛው ሳምንት በሌላ መምህር የተሰጠ ሲሆን እጅግ የደከመውም እርሱ ነው። ከ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥4 ሚስት በገዛ ሥጋዋ ላይ ሥልጣን እንደሌላት የሚናገረውን ግማሽ አንብበው ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ሚስት ግዴታ አስተማሩ። እጮኛዬ እጁን አንሥቶ ባልም በገዛ ሥጋው ላይ ሥልጣን እንደሌለው የሚናገረውን ቀሪውን ግማሽ ሲያነብ፣ ጊዜ ስለሌለ በሌላ ቀን እንመለስበታለን የሚል ምላሽ ተሰጠው፤ ሌላ ቀን ግን አልመጣም። በሚቀጥለው ቁጥር ላይ ሐዋርያው ባልና ሚስት ለጸሎት ሲለያዩ እንኳ «ተስማምታችሁ» ማለቱም ሳይነሣ ታለፈ። አንዷ ብትታመም፣ ብትደክም ወይም ባትፈልግ ምን ይደረጋል ለሚለው ጥያቄ መነሻ ሊሆን የሚችለው ይኸው ቃል ነበር። የጤና ባለሙያ አለመጋበዙም ጉድለት ነው፤ ስለ ወሊድ ቁጥጥርና ስለ መጀመሪያ ቀናት ሕመም በወረቀት የቀረቡት ጥያቄዎች «ሐኪም ጠይቁ» ተብለው ታልፈዋል።

ለእያንዳንዱ ጥንድ የተመደቡት አማካሪ ባልና ሚስት ግን ይህን ጉድለት በከፊል ሸፍነውልናል። የእኛዎቹ ከሃያ ዓመት በላይ በትዳር የኖሩ ሲሆኑ፣ የተዘለለውን ጥቅስ ቤታቸው ቡና እየተፈላ እስከ መጨረሻው አንብበን በግልጽ ተወያየንበት፤ ሰውዬውም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ራሳቸው ያንን ቁጥር በግማሹ ብቻ ያነብቡት እንደ ነበር ባለቤታቸው እየሰሙ ነገሩን።

ትምህርቱን ለሌሎች ጥንዶች እመክራለሁ፤ ሆኖም በመጀመሪያው ቀን የሚታደለውን ቅጽ ከመሙላታቸው በፊት ማን እንደሚያነብበውና የት እንደሚቀመጥ ይጠይቁ። ቅጹ ከስማችን ጋር ያለፈ የግንኙነት ታሪካችንን የሚጠይቅ ሲሆን፣ በፖስታ ሳይታሸግ ከሰው ወደ ሰው እየተቀባበለ በአንዲት ወጣት አስተናጋጅ ተሰብስቧል። ሁለታችንም ቅጻችን እንዲመለስልን በጽሑፍ ጠይቀን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘንም።