ባንኮክ ላይ «ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ዝግ ነው» ካሏችሁ

ለሕክምናም ሆነ ዕቃ ለማምጣት ባንኮክ የምትሄዱ ወገኖች፣ ይህችን ሳትሄዱ አንብቧት። በተለይ አንድ ቀን ተርፏችሁ ከተማውን በርካሽ ዞር ዞር ብላችሁ ለማየት ካሰባችሁ። እዚያ የሚጠብቃችሁ ሰው አለ። የእኛ አገር ሿሿ ያዋክባል፣ ይሄኛው ግን ይመክራል።

የምታገኙት ታላቁ ቤተ መንግሥት አካባቢ ነው። ረጅሙን ነጭ አጥር ይዛችሁ በሩን ስትፈልጉ አንድ ጎልማሳ ፈገግ ብሎ ይጠጋችኋል። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፣ አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሏል። ከየት እንደመጣችሁ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ ስትሉት ስለ ሯጮቻችን ያነሳል። ከዚያ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ዛሬ እኮ እስከ ከሰዓት ዝግ ነው፣ የመነኮሳት ጸሎት አለ» ይላል። አይዟችሁ ብሎ ካርታ ያወጣና በእስክሪብቶ ያከብብላችኋል። እዚህ ቋሚው ቡድሃ፣ እዚህ የዕድል ቡድሃ፣ እዚህ ደግሞ «የመንግሥት» የዕንቁ ሱቅ፣ ቅናሹ ዛሬ የሚያበቃ። እሱ ሳይጨርስ አንድ ቱክ ቱክ ከጎናችሁ ይቆማል። እኛ ባጃጅ የምንላት ናት። ዋጋው ሁሉንም ቦታ አዙሮ 20 ባት፣ የታይላንድ ገንዘብ።

ቤተ መንግሥቱ ዝግ አይደለም። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 2:30 እስከ ቀኑ 9:30 በየቀኑ ክፍት ነው። አልፎ አልፎ በንጉሣዊ ሥነ ሥርዓት ምክንያት የሚዘጋ ክፍል ይኖራል፣ እሱን ግን የሚነግራችሁ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ነው። «መንገድ ላይ የሚያናግራችሁን ሰው አትመኑ» የሚል ማስጠንቀቂያ እዚያው አካባቢ አለ። ሰው ግን ከጽሑፉ ይልቅ ፈገግ የሚለውን ያምናል።

አሁን ሒሳቡን እንይ። ሜትር ያለው ታክሲ ገና ስትገቡበት 35 ባት ይቆጥራል። ታዲያ ባለ ቱክ ቱኩ ግማሽ ቀን አዙሯችሁ በ20 ባት ምን ይበላል? የሚያበሉት ሱቆቹ ናቸው። ቱሪስት ይዞ ለመጣ የቤንዚን ኩፖን ይሰጡታል። ከገዛችሁ ደግሞ ኮሚሽን አለው። ያ ኮሚሽን የሚጨመረው በምትገዙት ዕቃ ላይ ነው።

እኔና ጓደኛዬን የጫነን ሹፌር ይህን አልደበቀም። ሙሉ ልብስ የሚሰፋ አንድ ሱቅ በር ላይ አቁሞ «ባትገዙም ችግር የለም፣ አሥር ደቂቃ ብቻ ቆዩልኝ» አለን። ገባን። ሻጩ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ጨርቅ በጨርቅ ላይ ዘረጋልን። እንደማንገዛ ሲገባው ፊቱ ተቀየረ፣ ጥቅሉን እየወረወረ መደርደር ጀመረ። ቶሎ ወጣን። ሹፌሩ ከእኛ አልፎ ወደ ሱቁ በር አየ። ከውስጥ ጭንቅላቱን የነቀነቀለት ሰው አልነበረም። «አልቆያችሁም፣ ኩፖን አልሰጡኝም» ብሎ አኮረፈ። ቀጣዩ ሱቅ ላይ ቆይተን እንድንክሰው ለመነን።

ቀጣዩ ዕንቁ ቤት ነበር። ቅዝቃዜው ደስ ይላል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ያመጡላችኋል። ጥቁር ከፋይ ላይ ሰማያዊ ሰንፔር ይደረድራሉ፣ በትንሽ መብራት ያሳያሉ፣ ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት ያቀርባሉ። ዋናው ማጥመጃ «አገራችሁ ወስዳችሁ ብትሸጡት እጥፍ ያወጣል» የምትለዋ ናት። ጓደኛዬ ለእጮኛው ቀለበት ገዛ። አዲስ አበባ ያሳየው ወርቅ ቤት ወርቁን ብቻ መዝኖ ዋጋ ነገረው። ድንጋዩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በእንዲህ ዓይነት ሱቅ የሚሸጠው ድንጋይ ብዙ ጊዜ ፎርጅድ አይደለም። እውነተኛ ግን ደረጃው የወረደ ነው፣ ዋጋው ብቻ ብዙ እጥፍ ተሰቅሏል። ስለዚህ «አጭበረበሩኝ» ብሎ መክሰስ ይከብዳል። ውድ ሸጠ እንጂ ውሸት አልሸጠም። የምር ዕንቁ ለመግዛት የሚሄድ ካለ፣ ባንኮክ ውስጥ የታይላንድ የዕንቁና ጌጣጌጥ ኢንስቲትዩት ድንጋይ ይመረምራል። ሻጩ እዚያ ለማስመርመር ካልፈቀደ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ርካሽ ጉብኝት ግን ባንኮክ ውስጥ ሞልቷል፣ የማንም ኩፖን አያስፈልገውም። ሳናም ቻይ የሚባለው የምድር ባቡር ጣቢያ ከ2019 ጀምሮ ቤተ መንግሥቱ ሰፈር ያወርዳችኋል። ቻኦ ፕራያ ወንዝ ላይ ብርቱካናማ ባንዲራ ያላት ጀልባ አለች፣ ሩቅም ቅርብም ብትሄዱ 16 ባት ነው፣ የከተማው ሰው ሥራ የሚሄድባት ናት። ቤተ መንግሥቱ ለውጭ ዜጋ 500 ባት ነው፣ ከበጀታችሁ ትልቁ እሱ ይሆናል። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፣ አለዚያ በአለባበሳችሁ ሰበብ የሚያጠምድ ሌላ ሰው አለ። ከዚያ በእግር ዋት ፖ የሚባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ገብታችሁ 46 ሜትር የሚረዝመውን የተጋደመ ቡድሃ እዩ። እግሩ ሥር ስትቆሙ ራሱ አይታያችሁም። ከአጠገቡ ካለው ታ ቲየን ወደብ በጥቂት ባት ወንዙን ተሻግራችሁ ዋት አሩን የሚባለው ሌላ ቤተ መቅደስ ትደርሳላችሁ። ቀኑ በዚህ ይሞላል።

ሳናም ሉዋንግ ሜዳ ላይ ለእርግብ የሚሆን በቆሎ እጃችሁ ላይ የሚያስይዟችሁም አሉ፣ ከተቀበላችሁ በኋላ ነው ዋጋው የሚነገራችሁ። እጃችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱ። ታክሲ ሜትር አልከፍትም ካለ በሩን ዝጉና ሌላ ያዙ፣ ወዲያው ይመጣል።

የገዛችሁ ካላችሁ ደግሞ ከታይላንድ ሳትወጡ ተንቀሳቀሱ። የቱሪስት ፖሊስ ስልክ 1155 ነው፣ በእንግሊዝኛ ያናግሯችኋል። ደረሰኙን፣ የሱቁን በር ፎቶና ከተቻለ የቱክ ቱኩን ታርጋ ያዙ። በካርድ ከከፈላችሁ በዚያው ቀን ባንካችሁ ጋ ደውሉ። ሱቁ «እንዳይጠፋባችሁ ዕቃውን በፖስታ አገራችሁ እንልካለን» ካለ እንቢ በሉ፣ እንደዚያ የሚሉት ዕቃው እጃችሁ ሳይገባ መመለስ እንዳትችሉ ነው።