መጀመሪያ ጓሮው፣ ከዚያ ኤሊዋ፦ ሱልካታ፣ ነብርማ እና ሆርስፊልድ ሲነጻጸሩ

የኤሊ ጫጩት መዳፍ ላይ አስቀምጦ «አልወስድም» ማለት ይከብዳል። አምስት ሴንቲሜትር የምታህል ነገር አንገቷን አውጥታ ቀና ብላ ስታያችሁ ልብ ይሸነፋል። ስለ አጥሩ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ መብራቱ ማሰብ የሚመጣው ቤት ከገባች በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ረፍዷል። ኤሊ ባለቤት የምትቀይረው ብዙ ጊዜ ሰው ስለጠላት አይደለም፤ ቤቱ ስላልቻላት ነው። ስለዚህ ምርጫውን ከጓሯችሁ እንድትጀምሩ እለምናችኋለሁ። ስፋቱን፣ ፀሐዩን፣ የሌሊት ብርዱን እዩና ከዚያ ወደ ኤሊው ሂዱ።

ለሽያጭ ከሚቀርቡትም ሆነ አዲስ አሳዳጊ ከሚፈለግላቸው መካከል ደጋግመው የሚመጡት ሦስት ናቸው፦ ሱልካታ፣ ነብርማ ኤሊ እና ሆርስፊልድ። ሆርስፊልድን የሩሲያ ኤሊ የሚሉትም አሉ። ጫጩት ሳሉ ሦስቱም እጅ ላይ ይቀመጣሉ። ሲያድጉ ግን የአንዱ ጓሮ ለሌላው አይሆንም።

ሱልካታ ወይስ ሆርስፊልድ?

ሱልካታ የሰሃራ በረሃ ደቡባዊ ጠርዝ ተወላጅ ነው። ከጋላፓጎስና ከአልዳብራ ደሴቶች ኤሊዎች ቀጥሎ በዓለም ሦስተኛው ትልቅ የየብስ ኤሊ ነው። ከእንቁላሉ ሲወጣ ክብደቱ ከአንድ የዶሮ እንቁላል ያነሰ ነው። አድጎ ሲጨርስ 40 እና 50 ኪሎ ይገባል፤ ወንዶቹ ከዚያም ያልፋሉ። ሻጩ ይህን ሳይነግራችሁ ከቀረ፣ ሌላውንም ነገር አልነገራችሁም ማለት ነው።

ደግሞ ይቆፍራል። በተፈጥሮው ሐሩሩን የሚያመልጠው ብዙ ሜትር የሚረዝም ጉድጓድ ቆፍሮ እዚያ ውስጥ በመዋል ነው። የግንብ መሠረት ይሁን የቧንቧ መስመር ለእሱ ልዩነት የለውም። የመጫወቻ ቤት የሚያህል ነገር ገፍቶ መንገዱን ያስተካክላል። ጠባዩ ግን ደስ ይላል። ሰው ቶሎ ይለምዳል፣ ሣር ይዛችሁ ስትወጡ ከጓሮው ጫፍ ድረስ ይመጣል። ሰው የሚሸነፍለትም በዚህ ነው። ሰፊ መሬት፣ ጠንካራ አጥርና ሞቃት አየር ያለው ሰው ይውሰደው። ሌላው፣ እባካችሁ፣ ይለፈው።

ሆርስፊልድ የማዕከላዊ እስያ ደረቅ ሜዳ ልጅ ነው። አድጎ ሲጨርስ እንኳ ከ13 እስከ 20 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። በሁለት እጅ ተነሥቶ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። ጥንካሬው ይገርማል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1968 የሶቪየቷ ዞንድ 5 መንኮራኩር ሁለት የዚህ ዝርያ ኤሊዎችን ይዛ ጨረቃን ዞራ በሕይወት መልሳቸዋለች። ችግሩ እሱም መቆፈሩ ነው፤ በዚያ ላይ ደግሞ ይወጣጣል። የአጥር ጥግ ካገኘ ሁለቱን ግድግዳ ተደግፎ እንደ መሰላል ይወጣበታል። ሌላው ልትጠይቁ የሚገባው ነገር የተወለደበት ነው። ብዙ ሆርስፊልዶች ከዱር ተይዘው የመጡ ናቸው፤ የሆድ ትል ይዘው መምጣታቸው የተለመደ ነው። በሰው እጅ የተፈለፈለ ከተገኘ እሱን ምረጡ፤ ካልተገኘ ግን ኩሱን በመጀመሪያው ሳምንት አስመርምሩ።

ነብርማ ኤሊ

ከሁለቱ መሃል ያለው እሱ ነው። ብዙዎቹ ከ30 እስከ 45 ሴንቲሜትር ይደርሳሉ፤ ክብደታቸውም ከ10 ኪሎ ማለፉ አይቀርም። ቅርፊቱ በጥቁርና በቢጫ ነጥብ ያጌጠ ነው፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ለጓሮ ባለቤት ትልቁ ጥቅሙ ጉድጓድ የመቆፈር ልማድ የሌለው መሆኑ ነው። አጥሩን ከሥር ካልቀበራችሁም ይታመናል። ዓይን አፋር ነው፤ እንደ ሱልካታ ሮጦ አይመጣም። መታቀፍ አይወድም። ከሩቅ ሆኖ ሲግጥ ማየት ለሚበቃው ሰው ግን እንደ እሱ ያለ የለም። ከርጥብ ብርድ ጋር ፈጽሞ አይስማማም።

ቀይ እግር ኤሊን የምትጠይቁኝ ካላችሁ፣ እሱ የደቡብ አሜሪካ ደን ኤሊ ነው። ፍራፍሬ ይበላል፣ እርጥበት ይፈልጋል። እዚህ ስለ ምግብና ስለ ደረቅ ጓሮ የምለው ለእሱ አይሠራም።

ብርዱ የሚወስነው

ብዙ ኤሊ የሚሞተው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። ሆርስፊልድ በብርድ ወራት ያንቀላፋል። ሱልካታና ነብርማ አያንቀላፉም። አንዱ ጎረቤት ኤሊውን በሳጥን አድርጎ ብርድ ቦታ አስቀመጠ ብላችሁ ሱልካታችሁን እንደዚያ ብታደርጉ ገደላችኋት። ለእነዚህ ሁለቱ የሌሊቱ ሙቀት ከ15 ዲግሪ በታች ከወረደ የሚሞቅ ቤት ያስፈልጋል፤ ዝናብና ብርድ አንድ ላይ ሲመጡ ደግሞ ሳንባቸው ይታመማል።

ሆርስፊልድም ቢሆን እንቅልፉ በዘፈቀደ አይደለም። ቦታው 5 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። ከ10 ካለፈ ነቅቶ ያጠራቀመውን ስብ ይጨርሳል። ከዜሮ ከወረደ ዓይኑ ሊጠፋ፣ ሊሞትም ይችላል። የቀድሞ ጤንነቱን የማታውቁት አዲስ ኤሊ ከሆነ የመጀመሪያውን ዓመት አታስተኙት። በሙቀትና በመብራት ነቅቶ ይክረም።

ጫጩት ወይስ ትልቅ?

ለጀማሪ ያለ ጥርጥር ትልቅ እላለሁ። ጫጩት አብዛኛውን ጊዜዋን የምታሳልፈው እርጥበቱ በተጠበቀ ሳጥን ውስጥ፣ ቤት ነው። በየቀኑ ለብ ባለ ውኃ መነከር አለባት። ደረቅ ቦታ ካደገች ቅርፊቷ እንደ ፒራሚድ ጉብ ጉብ ይላል፤ ያ ደግሞ አይመለስም። ጓሮ ከወጣች ቁራም፣ አይጥም፣ ድመትም ጠላቷ ነው። ወንድ ትሁን ሴትም ገና አይታወቅም። ትልቋ ግን መጠኗም፣ ጠባዩም፣ ጾታዋም የታወቀ ነው። ወንዶቹን ገልብጦ ማየት ነው፤ የሆዳቸው ቅርፊት ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው፣ ጅራታቸውም ረዘም ይላል።

የትልቋ ጉዳቷ ያለፈ ታሪኳ ነው። ጉብ ጉብ ያለ ቅርፊት ብታዩ አትሽሹ። አዲሱ እድገት ለስላሳ ከሆነና በደንብ ከተራመደች መልክ ብቻ ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ቅርፊቷን በአውራ ጣታችሁ ስትጫኑት የሚሰምጥ ከሆነ፣ አፍንጫዋ ላይ ስትተነፍስ አረፋ የሚነፋ ከሆነ፣ ዓይኗ ያበጠ ከሆነ፣ ያለ ሐኪም አትውሰዷት። አንሷት፤ እንደ ድንጋይ ከበድ ማለት አለባት። የኋላ እግሯን ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ ጤነኛ ኤሊ መልሳ በኃይል ትነጥቃችኋለች።

የሽቦ አጥር ወይስ ጣውላ?

የእኔ የመጀመሪያዋ ኤሊ ሆርስፊልድ ነበረች። አጥሯን በሽቦ ወንፊት ሠራሁላት፤ አየር እንዲገባ፣ ውጭውንም እንድታይ ብዬ። ስህተቱ ያ ነበር። ውጭውን ካየች መሄድ ትፈልጋለች። ከጠዋት እስከ ማታ ሽቦው ሥር ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ሣሩ ተረግጦ ቀጭን መንገድ ወጣበት። በሦስተኛው ቀን አነሣኋትና የአፍንጫዋ ጫፍ ተልጦ ቀላ ብሎ አየሁት። ያን ማታ ዙሪያውን በአሮጌ ጣውላ ሸፈንኩት። በሁለተኛው ቀን መመላለሱን ትታ መሃል ሆና ስትግጥ አገኘኋት። አንዷን የሣር ቅጠል ነክሳ፣ በፊት እግሯ ረግጣ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ስባ ትበጥሳታለች። ድምፁ ይሰማል።

ስለዚህ ጣውላ፣ ብሎኬት ወይም ድንጋይ። ሽቦ ጭንቅላትና እግርም ይይዛል። ለሆርስፊልድ 40 ሴንቲሜትር ቁመት ይበቃል፤ ጥግ ጥጉን ግን ከላይ ክደኑት፣ ከሥርም 30 ሴንቲሜትር ቅበሩት። ለነብርማ 50 ሴንቲሜትር ገደማ ያለ መቅበር ይሆናል። ለሱልካታ ጣውላ አይሆንም፤ ቢያንስ 60 ሴንቲሜትር የሆነ፣ መሠረቱ የጠለቀ የብሎኬት ግንብ ነው የሚያዋጣው። ውሻ ካላችሁ በር ያለው ሙሉ አጥር ለይታችሁ ሥሩ። «የኛ ውሻ ጨዋ ነው» የሚለውን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ለውሻ ኤሊ የሚንቀሳቀስ አጥንት ናት።

መብራትና ማሞቂያ

ፀሐይ ካለ ከሁሉም ይበልጣል። ዩቪቢ የሚባለው ጨረር ቆዳዋ ላይ ካላረፈ ሰውነቷ ቫይታሚን ዲ3 አይሠራም፤ ያ ከሌለ ደግሞ ካልሲየም ብትሰጧትም አይጠቅማትም። ቅርፊቱ የሚለሰልሰው በዚህ ነው። የመስኮት መስታወት ጨረሩን ያግደዋል፤ መስኮት ሥር ማስቀመጥ ማሞቅ እንጂ ፀሐይ ማሞቅ አይደለም።

ቤት ውስጥ ለምትቆይ ኤሊ ረጅሙን የዩቪቢ ቱቦ ከተለየ የሙቀት አምፖል ጋር እመርጣለሁ። ቱቦው ሰፊ ቦታ ያዳርሳል፣ ሙቀቱንም ለብቻው ትቆጣጠራላችሁ። የሜርኩሪ አምፖል ሁለቱንም በአንድ ይሰጣል፤ ቦታ ይቆጥባል። ግን ሙቀቱን ከሚቆጣጠረው መሣሪያ፣ ከቴርሞስታት ጋር አይሠራም፣ ከቅርብ ደግሞ ቅርፊት ያደርቃል። ጥምዝምዟ ትንሽ አምፖል ዋጋዋ ይማርካል፤ የምታበራው ግን ከሥሯ ያለውን ትንሽ ቦታ ብቻ ነው። እሷን ተዉት። የትኛውንም ብትገዙ የተገዛበትን ቀን ላዩ ላይ ጻፉ። ብርሃኑ እየታየ ጨረሩ ያልቃል፤ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ መቀየር አለበት።

ለሌሊት ቤት፣ ጣሪያው ላይ የሚገጠም የማሞቂያ ፓነል ከቴርሞስታት ጋር ይሻላል። ኃይለኛ አምፖል ከትልቅ ኤሊ ጀርባ በላይ ማንጠልጠል የቅርፊቱን አናት ያቃጥላል። ከሥር የሚሞቅ ድንጋይ ደግሞ አትግዙ፤ ሆዷ ሲቃጠል ቶሎ አይታወቃትም።

አንድ ወይስ ሁለት?

«ብቻዋን ትናፍቃለች» ይሉናል። ኤሊ አትናፍቅም። ሁለት ወንዶች ይጋጫሉ፣ ይገለባበጣሉ፤ በፀሐይ የተገለበጠ ኤሊ ደግሞ ሊሞት ይችላል። ዝርያ አትቀላቅሉ፤ ለአንዱ ምንም ያልሆነ ጀርም ሌላውን ይጥለዋል። ቤት ውስጥ ኤሊ ካለ አዲሷ ቢያንስ ሦስት ወር፣ ቢቻል ስድስት ወር በተለየ ቦታ፣ በተለየ ዕቃ ትቆይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ምግቡ ለሦስቱም ይቀራረባል። ለሱልካታና ለነብርማ በዋናነት ሣርና ድርቆሽ፣ ለሆርስፊልድ ቅጠል የበዛበት አረም። የበለስ ቁልቋል ቅጠል እሾሁ ተነቅሎ ለሁሉም ጥሩ ነው። ፍራፍሬ፣ ዳቦ፣ የውሻ ምግብ አይሆንም። መድኃኒት የተረጨ ሣር አትስጡ፤ ጓሮ ውስጥ ኦሊያንደር የሚባለው ተክል ካለ ንቀሉት፣ መርዝ ነው።

የመጣች ዕለት ጓሮውን በሙሉ አትልቀቁላት። ጥግ ላይ መጠለያ ያለው ትንሽ ቦታ ስጧት። ለብ ባለ ውኃ፣ አገጯ ጋ በማይደርስ ጥልቀት፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ንከሯት፤ ትጠጣለችም፣ ትሸናለችም። ከሽንቷ ጋር የሚወጣው ነጭ ነገር እንደ ክሬም ከሆነ ደህና ነው፤ እንደ አሸዋ ከሻከረ ውኃ አንሷታል። ጥቂት ቀናት ባትበላ አትደንግጡ፤ አታንሷት፣ አታሳዩአት፣ ትረጋጋ። ልጆች ከነኳት በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ሳልሞኔላ የሚባለውን የሆድ በሽታ ጀርም ራሳቸው ሳይታመሙ የሚይዙ ኤሊዎች አሉ። ቅርፊቷን ማንም እንዳይበሳው፣ ቀለምም እንዳይቀባው፤ ሕይወት ያለው አካሏ ነው።

ልትቀበሏት ስትሄዱ ወረቀቷን ጠይቁ፤ ሦስቱም ዝርያዎች ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት የተመዘገቡ ናቸው። የቀድሞ ባለቤቷን ምን እንደበላች፣ ስንት ዲግሪ ላይ እንዳደረች፣ አምፖሏ መቼ እንደተገዛ ጠይቁ። ቤት ስትደርሱ የሆዷን ቅርፊት ፎቶ አንሡ፤ መልኩ እንደ አሻራ ነው፣ አንድ ቀን ብትጠፋ የእናንተ መሆኗን ያረጋግጣል። ከዚያ ሚዛኑን አውጡና የመጀመሪያውን ክብደት ከነቀኑ ጻፉ። በየሳምንቱ ከዚያ ቁጥር ጋር ታስተያዩታላችሁ።